የጦር ጄት በቤት ኮምፒውተር፦ ዲሲኤስ፣ ፋልከን ቢኤምኤስ ወይስ ኢል-2?

ብዙ ሰው የውጊያ በረራ ሲሙሌተር የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ዩቲዩብ ላይ ጄቱ ከመርከብ ሲወነጨፍ፣ ደመናውን ሰንጥቆ ሲወጣ ያያል፤ ወደ 80 ዶላር አውጥቶ ኤፍ-16 ይገዛል፤ ሁለት ሳምንት ሞተር ማስነሳት ይለማመዳል፤ ከዚያ ጌሙ 200 ጊጋባይት ቦታ ይዞ ሳይከፈት ይከርማል። ጌሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ገዢው ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ራሱን አልጠየቀም፦ መነሳትና ማረፍ ከቻልኩ በኋላ፣ በሃያኛው ምሽት ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ምን ልሠራ ነው?

«እውነተኛ» ሲባል ሰው የሚያስበው ይለያያል። ለአንዱ ማሽኑ ነው፤ ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ ያለው ማብሪያ ሁሉ እንደ ዋናው እንዲሠራለት ይፈልጋል። ለሌላው ጦርነቱ ነው፤ እሱ ኖረ አልኖረ ግንባሩ ወዲያና ወዲህ የሚል፣ ዛሬ ያፈረሰው ድልድይ ነገም ፈርሶ የሚጠብቀው ዓለም። ለሦስተኛው ደግሞ ጠላት ጅራት ላይ ተለጥፎ በ200 ሜትር ርቀት ጥይት እየቆጠሩ መተኮስ ነው። ሦስቱንም አሟልቶ የያዘ ጌም እስካሁን የለም። ዲሲኤስ ማሽኑን፣ ፋልከን ቢኤምኤስ ጦርነቱን፣ ኢል-2 ፍልሚያውን ይዘዋል። ዋር ተንደር ነፃ ነው፤ ሲሙሌተር የሚባል የጨዋታ ዓይነትም አለው። ግን ኮክፒቱ በአብዛኛው ለዓይን ነው፤ ጊዜያችሁም የሚያልቀው አዲስ አውሮፕላን ለማስከፈት ነጥብ በማጠራቀም ነው። እዚህ ላይ ልተወው።

ከዲሲኤስ እንጀምር፤ የብዙዎች ገንዘብ የሚፈሰው እዚያ ነውና። ዲሲኤስ ወርልድ ራሱ በነፃ ይወርዳል። ከሁለት አውሮፕላን ጋር ይመጣል፦ የሩሲያው የምድር ጥቃት ጄት ሱ-25ቲ፣ እና መሣሪያ የማይታጠቀው ባለ ውልብልቢት ቲኤፍ-51ዲ። ካርታዎቹም ካውካሰስና ማሪያናስ ናቸው። ችግሩ፣ ሁለቱም አውሮፕላኖች ለጀማሪ ደግ አስተማሪዎች አይደሉም። ሱ-25ቲ ኮክፒቱ በማውዝ አይነካም፤ ሁሉም ነገር በኪቦርድ ነው። ቦምብ ተሸክሞ ሲዞር ደግሞ እንደ ተጫነ አይሱዙ ነው። ጥሩ የሚሆነው 16 ቪኽር ሚሳይል ይዞ፣ በአፍንጫው ካሜራ ታንክ ፈልጎ ከኪሎሜትሮች ርቀት ሲመታ ነው። ቲኤፍ-51ዲ በማውዝ የሚነካ ሙሉ ኮክፒት አለው፤ ግን ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መጨመሪያ) በአንዴ የገፋ ሰው ከመንደርደሪያው ወጥቶ ሣር ላይ ራሱን ያገኘዋል። የውልብልቢቱ ኃይል አፍንጫውን ወደ ግራ ይጎትታል። መድኃኒቱ ስሮትሉን ቀስ አድርጎ መክፈት፣ ቀኝ ፔዳል መርገጥ፣ መጀመሪያ ላይም ጆይስቲኩን ወደ ኋላ ይዞ የጅራቱ ጎማ እንዳይዞር መቆለፍ ነው። ፔዳል ወይም የሚጠመዘዝ ጆይስቲክ የሌለው ሰው ይህን አውሮፕላን ባይሞክረው ይሻላል።

ስለዚህ በነፃዎቹ ብቻ ዲሲኤስን አትፍረዱበት። ስቲም ከሚባለው የጌም መሸጫ ሳይሆን ከኩባንያው ድረ ገጽ በቀጥታ የሚወርደው ቅጂ ለአብዛኞቹ የሚሸጡ አውሮፕላኖች የ14 ቀን የሙከራ ጊዜ ይሰጣል። አንዱን ለ14 ቀን ሞክሩ፣ ሲያልቅ ሌላውን። እንዲህ እያደረጉ አንድ ሳንቲም ሳያወጡ ወራት ማብረር ይቻላል። ሌላም ምክንያት አለ፦ ስቲም ላይ የተገዛ አውሮፕላን ወደ ኩባንያው ቅጂ ይሻገራል፤ ከኩባንያው የተገዛው ግን ወደ ስቲም አይሻገርም። ከየት እንደምትገዙ መጀመሪያ ወስኑ። በሙሉ ዋጋም አትግዙ፤ በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ቅናሽ አለ፤ ቆየት ያሉት አውሮፕላኖች እስከ ግማሽ ዋጋ ይወርዳሉ።

ለኢትዮጵያዊ ዲሲኤስ ሌላም ማባበያ አለው። ደብረ ዘይት፣ ሐረር ሜዳ ላይ የኖሩት አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ውስጡ አሉ፦ የንጉሡ ዘመን ኤፍ-86፣ ኤፍ-5ኢ፣ ሚግ-21፣ ማሠልጠኛው ኤል-39፣ ሚ-8 እና ሚ-24 ሄሊኮፕተሮች፣ ሱ-27። በነፃ የሚሰጠው ሱ-25ቲ ራሱ በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ የተመረተ፣ አየር ኃይላችን ከታጠቁት አንዱ የሆነበት አውሮፕላን ነው። ከእነዚህ አንድ ምረጡ ብባል ኤፍ-5ኢን እመርጣለሁ። ራዳሩ ቀላል ነው፤ በራዳር የሚመራ ሚሳይል የለውም፤ ያለው በሙቀት የሚመራ ሳይድዋይንደር እና እያንዳንዳቸው 280 ጥይት የሚጎርሱ ሁለት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፎች ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማስነሳቱን ተምራችሁ፣ እሑድ ፍልሚያ ትገባላችሁ። በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ የሆነውን እደግመዋለሁ ብላችሁ ግን አትግዙት፤ ጌሙ ያለው ሚግ-21 ቢስ የሚባለው የኋለኛው ዓይነት ነው፣ ሶማሊያ የነበራት ኤምኤፍ ነበር፤ የአፍሪካ ቀንድ ካርታም የለም። ያም ሆኖ የሚግ-21 ሦስት ማዕዘን ክንፍ ተደጋጋሚ መዞር ላይ ፍጥነት እንዴት እንደሚበላ፣ ኤፍ-5 ደግሞ በዚያው ቅጽበት እንዴት ከኋላው እንደሚገባ በእጅ ይሰማል። ሚጉ ካልዞረላችሁና ሽቅብ ጥሏችሁ ከሄደ አትከተሉት፤ በመውጣት ይበልጣችኋል።

ማኑዋል ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ፍሌሚንግ ክሊፍስ የሚባለውን ጥቅል ይይ። ሱ-27፣ ሚግ-29፣ ኤፍ-15ሲ እና ሌሎችንም በአንድ ግዢ ይሰጣል፤ ሲስተሞቹ ቀለል ተደርገዋል፤ ሞተር በአንድ ቁልፍ ይነሳል። የበረራው ስሜት ግን የተቀለደበት አይደለም።

ዲሲኤስ የሚወቀስበት ብዙ ነው። ትልቁ፣ በራሱ የሚንቀሳቀስ ጦርነት የለውም፤ ለዓመታት ይመጣል ሲባል ቆይቶ ይህ እስከ ተጻፈ ድረስ አልመጣም። ተጫዋቾች ሊበሬሽን በሚባል ነፃ ፕሮግራም ክፍተቱን ይሸፍኑታል፤ ከጌሙ ውጭ ሆኖ ግንባሩን ያሰላና ተልእኮውን ይሠራላችኋል። ይረዳል፤ ግን ዕቅዱን አውጥቶ፣ በርሮ፣ ውጤቱን መልሶ ማስገባት ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ አውሮፕላን ሳያልቅ ይሸጣል። ሦስተኛው ደግሞ ሁሉንም አውሮፕላን የሚሠራው ዋናው ኩባንያ አለመሆኑ ነው። ኤፍ-15ኢን የሠራው ራዝባም ከዲሲኤስ ባለቤት ከኢግል ዳይናሚክስ ጋር በክፍያ መጣላቱ በ2024 አደባባይ ወጣ፤ የአውሮፕላኑ ሥራም ባለበት ቆመ። አሁን ያለውን ዓይታችሁ ግዙ፤ «ወደፊት ይጨመራል» በሚል መስመር ላይ ገንዘብ አታውጡ።

ወደ ፋልከን ቢኤምኤስ ስንመጣ መልኩ ያሳስታል። መሠረቱ በ1998 የወጣው ፋልከን 4.0 ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ላለፉት ዓመታት ከሥር እየፈታቱ እንደ አዲስ ሠርተውታል። ቢኤምኤስ ራሱ ነፃ ነው፤ ነገር ግን የዋናው የፋልከን 4.0 ሕጋዊ ቅጂ ካልተገኘ አይጫንም። ያን ከስቲም ወይም ሌላው መሸጫ ከሆነው ከጂኦጂ ከ10 ዶላር ባልበለጠ ታገኛላችሁ። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ፋልከን 4.0ን ጫኑ፣ ቀጥሎ ቢኤምኤስን። ገልብጠው የሚሞክሩ ናቸው «አልሠራም አለኝ» የሚሉት።

የመግቢያ ገጹ ዘጠናዎቹን ያስታውሳል፤ ማሸጋገሪያው ሁሉ ቁልፍና ሠንጠረዥ ነው። ካምፔይን የሚለውን ስትከፍቱ ግን የኮሪያ ልሳነ ምድር ካርታ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ በረራዎች፣ የሚጓዙ የምድር ጦር ክፍሎች፣ የራዳር ጣቢያዎችና ፋብሪካዎች አሉ። የናንተ አራት አውሮፕላን ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዱ በረራ ነው። የተሰጣችሁ ራዳር መምታት ከሆነና ካልመታችሁት፣ ከኋላችሁ የሚመጡት ቦምብ ጣዮች ዋጋውን ይከፍላሉ፤ በሬዲዮ ሲጮኹ ትሰማላችሁ። ማንም የጻፈው ታሪክ አይደለም፤ ጌሙ በቦታው እያሰላ ያመጣው ነው። ሃያኛው ምሽት ላይ ምን ልሠራ ነው ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

አንድ ምሳሌ ከቅርብ ለማየት፣ የቢኤምኤስን ኤፍ-16 ከቀዝቃዛ ሞተር እናስነሳ። በግራ በኩል ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ መጀመሪያ ባትሪ ላይ፣ ቀጥሎ ሜይን ላይ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ጄኤፍኤስ የሚባለውን አስነሺ ወደ ስታርት 2። ሞተሩ እያፏጨ መዞር ይጀምራል። እዚህ ላይ እጅ ይበላል፤ ስሮትሉን አትንኩ። የሞተሩን ዙር የሚያሳየው የአርፒኤም ሰዓት 20 በመቶ ሲያልፍ ብቻ ወደ አይድል (ዝቅተኛው ኃይል) አምጡት። ቀድማችሁ ከከፈታችሁ ነዳጁ ይገባል፣ የሚያቀዘቅዘው አየር ግን ገና አልበቃም፤ የሙቀት ሰዓቱ ሽቅብ ይወጣና ሞተሩ ይቃጠላል። ስታርት 2 ሁለቱንም የግፊት ማጠራቀሚያዎች በአንዴ ስለሚጠቀም ሙከራው ከከሸፈ ወዲያው መድገም አይቻልም። ደኅና ከሄደ 55 በመቶ አካባቢ ጄኤፍኤሱ ራሱ ይጠፋል።

ቀጥሎ በቀኝ በኩል ያሉትን የኮምፒውተርና የስክሪን ማብሪያዎች ከፍታችሁ የአይኤንኤሱን (የአቅጣጫና የቦታ መለኪያውን) መዘውር አላይን ኖርም ላይ ታደርጋላችሁ። መሣሪያው የት እንደ ቆመ ለራሱ የሚያሰላበት ስምንት ደቂቃ ያህል ነው። በዚህ ጊዜ አውሮፕላኑ መነቃነቅ የለበትም። ሬዲ የሚለው ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ሲል መዘውሩን ወደ ናቭ ማዞር ግዴታ ነው። ጀማሪ የሚስተው ይህንን ነው፤ አላይን ላይ እንዳለ ወደ መንደርደሪያ ይነዳል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የዒላማው ምልክት ከድልድዩ ርቆ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል፤ ቦምቡም እዚያው ሜዳ ላይ ይወድቃል። ማንም ስህተቱን አይነግራችሁም። የወንበሩን ማስወንጨፊያ ማንሻ ማስታጠቅም እንዳትረሱ፤ ካልታጠቀ ስትመቱ አትወጡም።

ይህ ቅደም ተከተል በዲሲኤስ ኤፍ-16 ላይም ከሞላ ጎደል ያው ነው። ለዚህ ነው ኤፍ-16 ለሚወድ ሰው መጀመሪያ በ10 ዶላሩ ተማር የምለው። የቢኤምኤስ ማኑዋሎች ከጌሙ ጋር አብረው ይመጣሉ፤ የሥልጠናው መጽሐፍ በቁጥር ከተዘረዘሩት የልምምድ በረራዎች ጋር ይገጥማል፤ አንድ ምዕራፍ አንብቦ አንድ በረራ መብረር ነው። ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ ሙሉ በሙሉ የተሠራው በዋናነት ኤፍ-16 ነው፣ ኤፍ-15ሲ በቅርብ ተጨመረ፤ ሌላውን አውሮፕላን የሚሻ ሰው እዚህ አያገኘውም። መሬቱም ከአዲሱ 4.38 ስሪት በፊት በዝቅታ ለሚበር ሰው አያምርም ነበር።

ኢል-2 ግሬት ባትልስ ላይ ረጅም አልሄድም፤ ቀላል ነውና። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ስታሊንግራድ፣ ሞስኮ፣ ኩባን፣ ቦደንፕላት፣ ኖርማንዲ እየተባለ በየክፍሉ ይሸጣል። ስታሊንግራድ በቅናሽ ጊዜ ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙ አይርቅም፤ ለመጀመሪያ ከበቂ በላይ ነው። ሞተር በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ማኑዋል ሳይነበብ ይበረራል፤ ጥይት ክንፍ ላይ ሲያርፍ የሚታየውና የሚሰማው ግን ከሦስቱ ምርጡ ነው። ሰው የሚያማርረው «ሞተሬ ዝም ብሎ ሞተ» እያለ ነው። ዝም ብሎ አይሞትም። ቢኤፍ 109 ኤፍ-4ን ስሮትሉን ጥግ ድረስ ገፍታችሁ 1.42 አታ ግፊት ላይ ካቆያችሁት የተፈቀደው አንድ ደቂቃ ነው፤ በ1.3 አታ ግን 30 ደቂቃ ይችላል። ስሮትሉን ትንሽ መለስ ማድረግ ነው ምስጢሩ። ኮምፒውተሩ በጣም ያረጀበት ሰው የቀድሞውን ኢል-2 1946 ይውሰድ፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕም ይሄዳል።

አሁን ከጌሙ ይልቅ የሚወስነውን ነገር እናንሳ። በኪቦርድና በማውዝ ሦስቱንም ማብረር አይቻልም፤ ይቻላል የሚል ሰው ያርፋል፣ አይዋጋም። ገንዘብ ካነሰ ከአውሮፕላኑ ላይ ቀንሳችሁ ጆይስቲክ ላይ ጨምሩ። ከርካሾቹ የሚጠቅመው ሎጂቴክ ኤክስትሪም 3ዲ ፕሮ ነው፤ ሲያረጅ የሚጠመዘዘው ዘንግ ይንቀጠቀጣል፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው እየተፋጨ የሚያልቅ የኤሌክትሪክ ሬዚስተር ነው። ያገለገለ ስትገዙ ዊንዶውስ ላይ የጆይስቲክ መፈተሻውን ከፍታችሁ ዘንጉን ሳትነኩት ተመልከቱ፤ ምልክቱ በራሱ ከዘለለ ተዉት። ትረስትማስተር ቲ.16000ኤም ከመጠምዘዙ በቀር ወደ ፊትና ወደ ጎን የሚሄደው እንቅስቃሴ በማግኔት የሚለካ ስለሆነ መሐሉን ሳይስት ይቆያል፤ ቪኬቢ ግላዲየተር ከዚያም ይሻላል። የትረስትማስተር ዎርትሆግ የሚያምር ከባድ ብረት ነው፤ ግን ጆይስቲኩ አይጠመዘዝም፤ ለብቻው ፔዳል ያስገዛችኋል።

ሁለተኛው ጭንቅላት ነው። ጠላት ከኋላ ሲመጣ አንገት አዙሮ ማየት ካልተቻለ የሚሳይሉ ብዛት አይረዳም። የራስን እንቅስቃሴ ተከትሎ እይታውን የሚያዞረው ትራክአይአር ውድ ነው፤ ኦፕንትራክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ተራ ዌብካም ተጠቅሞ ፊታችሁን ይከተላል። ክፍሉ በቂ ብርሃን ይኑረው፤ መብራቱ ከፊት እንጂ ከጀርባ አይምጣ፤ ከጀርባ ከመጣ ፊት ይጠቁርና እይታው ይዘላል።

ዲሲኤስ ላይ ብዙ ሰው «አውሮፕላኑ ተበላሸ» የሚልበት አንድ ነገር አለ። ጌሙ የተሰካ መሣሪያ ባየ ቁጥር አውሮፕላኑን የማጋደልና የማጎንበስ ትእዛዝ በራሱ ይሰጠዋል። ጆይስቲክ፣ ስሮትልና ፔዳል ከሰካችሁ ሦስቱም አንድ ክንፍ ያዛሉ፤ ስሮትሉን ስትገፉ አውሮፕላኑ ያጎነብሳል። ኮንትሮልስ ውስጥ አክሲስ ኮማንድስ የሚለውን ከፍታችሁ፣ በየመሣሪያው ዓምድ ከላይ እስከ ታች የማያስፈልገውን አጥፉ፤ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን እንደገና መሥራት አለባችሁ። ከዚያ መሐል ላይ ለስላሳ እንዲሆን ከርቩን (የጆይስቲኩን ስሜት ማስተካከያውን) 15 አካባቢ አድርጉ። ጨርሳችሁ ፕሮፋይሉን ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ የዩኤስቢ ቀዳዳ ስትቀይሩ ጌሙ መሣሪያውን እንደ አዲስ ሊያየው ይችላል። በረራ መሐል ጆይስቲኩ የሚጠፋ ከሆነ የዊንዶውሱ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ ኃይል ለመቆጠብ ዩኤስቢ እንዲያጠፋ የተፈቀደለትን ምልክት አንሱ።

ለኮምፒውተሩ፣ ዲሲኤስ በሃርድ ዲስክ አይሞከርም፤ ኤስኤስዲ ግድ ነው። በ16 ጊጋባይት ራም ይሄዳል፤ ሰው የበዛበት ሰርቨር ላይ ግን ይንተፋተፋል፤ 32 ያስፈልጋል። ግራፊክስ ካርዱ 8 ጊጋባይት ከሆነ ቴክስቸሩን መካከለኛ አድርጉ፤ ካርዱ ሲሞላ ነው የሚያንቀው። መጀመሪያ ማጥፋት ያለባችሁ የኮክፒቱን የኋላ ማያ መስታወት ነው፤ ብዙ ይበላል፣ ማንም አያየውም። ዲኤልኤስኤስ የሚባለውን የኤንቪዲያ ካርድ ማፍጠኛ ስትከፍቱ የትናንሽ ስክሪኖች ቁጥር ጥላ ይጎትታል፤ ራዳር ማንበብ ካቃታችሁ ከዚያ ነው።

አገር ቤት ላለ ሰው የሚቀረው ክፍያና ማውረድ ነው። ስቲም በብር አይሸጥም። ውጭ ያለ ዘመድ ዲጂታል ጊፍት ካርድ ሊልክላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ስቲም ላይ ቢያንስ ለሦስት ቀን ጓደኛ ሆናችሁ መቆየት አለባችሁ፤ ቅናሹ ነገ ሊያልቅ ዛሬ ደውላችሁ አትደርሱም። ማውረዱን ደግሞ ዲሲኤስ ያለው ሰው ካለ ያሳጥረዋል፦ ፎልደሩን እንዳለ በውጭ ዲስክ ገልብጡ፣ በራሳችሁ አካውንት ግቡ፣ ሪፔር የሚለውን አስኪዱ። የጎደለውንና የተለወጠውን ብቻ ከኢንተርኔት ያመጣል። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋም ከቆመበት ይቀጥላል፤ ከመብረራችሁ በፊት ግን ሪፔሩን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አስጨርሱት።